እናቷ የሞተችባት ጥጃና የማደጎ ላም

ወደ ሐዋሳ የመጣ እንግዳ አሞራ ገደልን ሳያይ መመለስ አይወድም። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ አባ ኮዳዎች የዓሣ ትራፊ ለመልቀም ይሰበሰባሉ። በሐይቁ ዳርቻ ላይ ደግሞ ከብቶች ሣር ሲግጡ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የሚመለከት የሥነ ሕይወት ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ ፍጥረታት ልጆቻቸውን ከአደጋና ከበሽታ የሚጠብቁት እንዴት ነው?

የቆሮሶ ዓሣ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች። አባ ኮዳን የመሰሉ ወፎች ከደማቸው የሚገኙትን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖች በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ አስቀድመው ለጫጩታቸው ያኖራሉ። የሰው ልጅም ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም ይህንኑ ስንቅ በእንግዴ ልጅ በኩል ይቀበላል። ጥጃ ግን ይህን ስንቅ ሳትይዝ ትወለዳለች። ስለዚህ እናቷ ስትሞት የምታጣው ምግቧን ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ በሌላ ላም ስለማሳደግና ከዘዴው በስተጀርባ ስላለው ሳይንስ እንመለከታለን። ነገሩን ለመረዳት ይቀለን ዘንድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአሞራ ገደል አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉት እንበል። አንደኛዋ ላም በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ 30 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ጥጃ ግን ተረፈች። ሁለተኛዋ ላም ከ4 ቀናት በፊት ወልዳ በቀን 10 ሊትር ወተት ትሰጣለች። ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

የእንገር ጉዳይ

በላም እንግዴ ልጅ ውስጥ የእናቲቱንና የጽንሱን ደም የሚለያዩት የሕዋስ ንጣፎች ብዙ በመሆናቸው፣ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉት ትልልቅ ፕሮቲኖች ሊያልፉ አይችሉም። በዚህም የተነሣ ላሟ ፀረ እንግዳ አካላቱን ከመውለዷ በፊት በግቷ ውስጥ ታከማቻለች። እንገር የምንለው ወፍራምና ቢጫ የመጀመሪያ ወተት ይህንን ክምችት የያዘ ነው።

አንጀት በተለመደው አሠራሩ ፕሮቲንን ሰባብሮ ይፈጫል እንጂ እንዳለ ወደ ደም አያሳልፍም። አዲስ የተወለደች ጥጃ አንጀት ግን ለአጭር ጊዜ የተለየ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካላቱን ሳይሰባብር ወደ ደም ያስገባል። ይህ ችሎታ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ሄዶ 24 ሰዓት ገደማ ሲሆን ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ እንገር በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ጥበቃ ያደርግ ይሆናል፤ ወደ ደም ግን አይገባም።

በተግባር የሚመከረው ጥጃዋ በተወለደች በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር እንድታገኝ ነው። ለምሳሌያችን ጥጃ ይህ 3 ሊትር ይሆናል። ሁለተኛዋ ላም ከወለደች 4 ቀን ስለሆናት እንገሯ ወደ ተራ ወተት ተለውጧል። ስለዚህ የማደጎ እናት መገኘቷ ብቻ ጥጃዋን አያድናትም። ቤተሰቡ በዚያው ዕለት የወለደች ጤነኛ ላም ካለችው ጎረቤት እንገር መለመን ወይም አስቀድሞ ያስቀመጠውን መጠቀም ይኖርበታል።

የተረፈ እንገር በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢቀዘቅዝ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በረዶው መሟሟት ያለበት ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነው። እሳት ላይ ቢጣድ ግን የእንቁላል ነጭ እንደሚረጋ ሁሉ ፕሮቲኑ ይረጋል፤ ፀረ እንግዳ አካላቱም ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ።

ላም ልጇን በምን ታውቃለች?

ላም እንደወለደች ጥጃዋን ትልሳለች። መላሱ የጥጃዋን አካል ከማድረቅና ደሟ በሚገባ እንዲዘዋወር ከመርዳት አልፎ ሽታዋን ለመለየት ያገለግላታል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህ ትውውቅ ከጸና በኋላ ላሟ ሌላ ጥጃ ሲጠጋት አሽትታ ትራገጣለች ወይም ትወጋለች። ስለዚህ ባዕድ ጥጃን ማላመድ በወሊድ ዕለት ቀላል ሲሆን፣ ቀናት ባለፉ መጠን እየከበደ ይሄዳል።

ከሽታው ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ጥጃዋ ጡት ስትስብ የሚቀሰቀሰው የነርቭ መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። በዚያም ፒቱታሪ ከተባለችው ዕጢ ኦክሲቶሲን የተሰኘው ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል። ሆርሞኑ ግት ሲደርስ በወተት ከረጢቶች ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ያኮማትራል፤ ወተቱም ይወርዳል። ላሟ ከደነገጠች ወይም ከተመታች ግን አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይህንን ሥራ ያግዳል። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 ኦክሲቶሲንን በቤተ ሙከራ ለመሥራት በመቻሉ እ.ኤ.አ. በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አገር በቀል ላሞቻችን ጥጃቸው ካልቀረበች ወተት ለማውረድ በእጅጉ ያስቸግራሉ። ጥጃ ስትሞት ቆዳዋን ገፍፎ፣ ገለባ ሞልቶና ጨው ነስንሶ በላሟ ፊት ማቆም ከጥንት የቆየ የአርቢዎች ዘዴ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሆርሞኑን ስም ባያውቁም ሥራውን ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል። በተለምዶ «የፈረንጅ ላም» የምንላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት አማካይነት ወደ አገራችን የገቡት እንደ ፍሪዥያን ያሉ ዝርያዎች ግን ያለ ጥጃ መታለብን ለረጅም ዘመን የለመዱ ናቸው። ባዕድ ጥጃንም በቀላሉ ይቀበላሉ። የተዳቀሉት በሁለቱ መካከል ይገኛሉ።

የወተት ሒሳብ

አንዲት አገር በቀል ላም በአማካይ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ወተት ብቻ ስለምትሰጥ ሁለት ጥጆችን ልትመግብ አትችልም። በምሳሌያችን ያለችው የተዳቀለች ላም ግን 10 ሊትር አላት። ለእያንዳንዷ ጥጃ ቢያንስ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ማለትም 3 ሊትር ብንመድብ 6 ሊትር ይወጣል፤ ለቤተሰቡ 4 ሊትር ይቀራል።

ይሁንና ጥጆች ያድጋሉ። በቀን ግማሽ ኪሎ ቢጨምሩ በ30ኛው ቀን 45 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። በዚያው ስሌት ብንቀጥል ሁለቱ 9 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ለቤተሰቡ የሚተርፈው 1 ሊትር ብቻ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽ፣ የተፈጨ መኖና ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ያስፈልጋል። ጠጣር መኖ ወተትን ከመቆጠብ በተጨማሪ የጥጃዋ ትልቁ የሆድ ክፍል እንዲዳብር ያደርጋል።

ወተቱ በ3 ሊትር ቢወሰንና ጥጃዋ ለ60 ቀናት ብትጠባ ቤተሰቡ የሚያጣው 180 ሊትር ወተት ነው። ከዕለታዊው የወተት ሽያጭ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም። በሌላ ወገን የዛሬዋ ጥጃ ከዓመታት በኋላ የሞተችውን ላም የምትተካ ናት። ውሳኔው የቤተሰቡ ነው፤ ሳይንስ ሒሳቡን ግልጽ ያደርግላቸዋል።

የማላመድ ቅደም ተከተል

1. ጥጃዋ አስቀድማ በጡጦ እንገር ትጠጣ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ብትራብ ጡት ለመሳብ ትበረታለች።

2. ላሟ በጸጥታ ስፍራ ትታሰር፤ መኖም ይቅረብላት። የገዛ ጥጃዋ መጀመሪያ ትጥባና ወተቱ ይውረድ።

3. የማደጎዋ ጥጃ ላሟ ልታሸታት በማትችልበት ሁኔታ ከኋላ በኩል ትጠጋ። ጀርባዋን በላሟ ወተት ማሸትና ጨው መነስነስ ላሟ እንድትልሳት ይገፋፋታል።

4. ይህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሰው እየተቆጣጠረ ይደገም። ላሟ ሳትታሰር ቆማ እስክታጠባ ድረስ ጥጃዋን ብቻዋን ከእርሷ ጋር መተው አይገባም።

5. ጥጆቹ በየሳምንቱ ይመዘኑ። ክብደቷ የማይጨምር ጥጃ ትገፈተራለች ማለት ሊሆን ስለሚችል በጡጦ ትደጎም።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ወተት ስንቅ እንደሚያደርስ ሁሉ በሽታም ያደርሳል። በአገራችን ከተሞችና በዙሪያቸው በሚረቡ የወተት ላሞች ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፤ በሽታው በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ውርጃ የሚያስከትለው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የማደጎ ላምም ሆነች እንገር የምትለግስ ላም በእንስሳት ሐኪም የታየች፣ ግቷም ከብግነት ነጻ የሆነ መሆን ይኖርበታል። የሞተችው እናት በምን እንደሞተች ማጣራትም ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ራሱ የሚጠጣውን ወተት አፍልቶ መጠጣት እንዳለበት ሳንጠቅስ አናልፍም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ጥጃዋን ለማትረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስፈልጋሉ። እንገሩ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው። የማደጎ እናት ፍለጋውና ማላመዱ ግን ቀናትን ሊወስድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው ሁለተኛውን ስናሰላስል የመጀመሪያው ሲያመልጠን ነው። ላም ያለው ቤት ሁሉ እንገር ከየት እንደሚገኝ አስቀድሞ ቢያስብ፣ ችግሩ በደረሰ ዕለት የሚጨነቅበት አንድ ነገር ይቀንስለታል።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እርስ በርሳችሁ ተወያዩባቸው፦

ሀ) የሰው ልጅ ያለ እንገር ሊድን የሚችልበት ዕድል ከጥጃ የሚበልጠው ለምንድን ነው?

ለ) አንዲት ጥጃ በተወለደች በ30ኛው ሰዓት 3 ሊትር እንገር ብትጠጣ በደሟ ውስጥ ምን ያህል ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

ሐ) በምሳሌያችን ያለችው ላም በቀን 6 ሊትር ብቻ ብትሰጥ ኖሮ ቤተሰቡን ምን ትመክሩ ነበር?