የብረት ሐሰተኛ ጥላ፦ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ በሲቲ ስካን

በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብን ቫልቮች ሊያበላሽ ይችላል። በአገራችን የወጣቶች ቫልቭ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ነው። መካኒካል ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ክትትሉ በመዲናዪቱ ለሆነ የጨለለቂ ታማሚ ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም።

ቫልቩ በትክክል መከፈትና መዘጋት ሲያቅተው ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ፤ አንደኛው የረጋ ደም፣ ሁለተኛው በቀለበቱ ዙሪያ ያደገ ጠባሳ ነው። የረጋው ደም በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፤ ጠባሳው ግን በመድኃኒት አይጠፋም፣ ቫልቩን ካገደ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ታዲያ ሁለቱን እንዴት እንለያቸው?

የምስሉ ቁጥሮች

ሲቲ ስካን የራጅ ጨረርን ከብዙ አቅጣጫ በሰውነት ውስጥ ያሳልፍና ከመጨረሻው መጠን ምስል ያሰላል። ለዚህ ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ መምህር አለን ኮርማክ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር −1000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በቫልቭ ላይ ያለ የረጋ ደምንና ጠባሳን ለመለየት 145ን እንደ ድንበር አቅርቧል፤ ከዚያ በታች ያለው ወደ ረጋ ደም፣ በላይ ያለው ወደ ጠባሳ ያመለክታል። እንግዲህ የቁጥሩ መዛባት የሕክምናውን ውሳኔ ሊያዛባ ይችላል ማለት ነው።

ብረት ለምን ያሳስታል?

የጨረር መዳከም I = I₀e^(−μx) በሚለው ቀመር ይገለጻል። በ80 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የውኃ μ በሴንቲ ሜትር 0.184፣ የቲታኒየም 1.84፣ የኮባልት ደግሞ 5.6 ያህል ነው። 10,000 ፎቶኖች በ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ቢያልፉ 250 ያህሉ ይተርፋሉ። 5 ሚሊ ሜትር ቲታኒየም ቢጨመር 100 ገደማ፣ በቲታኒየሙ ፋንታ ኮባልት ቢሆን 15 ብቻ ይቀራሉ። መመርመሪያው በ15 ፎቶኖች ላይ ሲመሠረት የአጋጣሚ መዋዠቅ ይጎላል፤ ምስሉም በጭረት ይሞላል። የኮባልት ቅይጥ ቀለበት ያላቸው ቫልቮች ከቲታኒየሞቹ ይበልጥ ምስል የሚያበላሹት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት የጨረሩ መጠንከር ነው። ዴዴሳ በክረምት ሲሞላ በዋና ለመሻገር ከሚሞክሩት መካከል የሚዘልቁት ብርቱዎቹ ናቸው። ማዶ የደረሱትን ብቻ አይቶ ወንዙን የሚገምት ሰው ኃይሉን ያሳንሰዋል። ብረትም ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸውን ፎቶኖች አስቀርቶ ብርቱዎቹን ያሳልፋል። ስሌቱ ግን ጨረሩ እንዳልተለወጠ ስለሚቆጥር በብረቱ አጠገብ ጥቁር ጥላ ይፈጥራል። የልብ መምታት ሲጨመርበት ብዥታው ይብሳል።

መፍትሔዎቹ

በመጀመሪያ በኢሲጂ እየተመሩ ልብ በአንጻሩ የምትረጋበትን ቅጽበት መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የቱቦውን ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ዘልቀው የሚያልፉትን ፎቶኖች ያበዛል፤ ታማሚው የሚቀበለው ጨረር ግን መመዘን አለበት። ሦስተኛ፣ በሁለት የጉልበት መጠን የሚሠሩ መሣሪያዎች ከፍተኛ ጉልበት ባለው ጨረር የተነሣ ያህል ምስል ያሰላሉ። ይህ ጥላውን ይቀንሳል፤ የቲሹዎችን ልዩነት ግን ያደበዝዛል።

አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1987 ቪሊ ካሌንደርና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ስሌት ነው። በብረት ውስጥ ያለፉት ልኬቶች ይወጡና ክፍተቱ ከግራና ከቀኝ ባሉት ልኬቶች ግምት ይሞላል። ዘዴው ከብረቱ ራቅ ያለውን ምስል በእጅጉ ሊያጠራ ይችላል። የረጋው ደምና ጠባሳው የሚገኙት ግን በቀለበቱ ጠርዝ ላይ፣ ማለትም ግምቱ በሚበረታበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የጠራ ምስል ሁሉ እውነተኛ ምስል አይደለም። ሐኪሙ የታረመውንና ያልታረመውን ጎን ለጎን አይቶ፣ ከልብ አልትራሳውንድና ከታማሚው ታሪክ ጋር ማገናዘብ ይኖርበታል። የፊዚክስ ተማሪም ከአንድ ቁጥር በስተጀርባ ስንት ፎቶኖች እንደተለኩና ስንቱ ግምት እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።