«እንዴት አወቃችሁ?»፦ ፍልስፍና ለተራው ሰው ምን ይጠቅመዋል?

«ፍልስፍና» የሚለው ቃል ሲነሳ ለብዙዎቻችን የሚታየን ጺሙን ያሳደገ፣ ከሰው ተለይቶ የሚኖር፣ ማንም የማይገባውን ነገር የሚናገር ሰው ነው። በሰፈራችንም «አትፈላሰፍብኝ» ማለት «ነገር አታወሳስብብኝ» ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ ፍልስፍና የምሁራን እንጂ የገበሬው፣ የነጋዴውና የእናቶቻችን ጉዳይ አይደለም የሚል አስተሳሰብ ሰፍኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ መሆኑን፣ በገዛ ቤታችን ከደረሰ አንድ ነገር ተነስቶ ማሳየት ነው።

የአንድ ጥቅምት ታሪክ

ያደግሁት መርሐቤቴ ውስጥ፣ ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን ጋር ወደ ጀማ ቆላ ወርዶ ሰነባበተ። በተመለሰ በሳምንቱ ያንቀጠቅጠውና ያተኩሰው ጀመር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን በደጃችን ስታልፍ «ይሄ ልጅ እንዴት አድጓል!» ብላ ነበር። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ፤ «ቡዳ በልቶታል» ተባለ። ወንድሜን በጭስ እያጠኑ «ማን ነው የያዘህ? ለፍልፍ!» ይሉት ጀመር። ትኩሳቱ ሲጠናበት የሴትዮዋን ስም ጠራ። እኔም ፍሙን በገል ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ገሉ እሷ የሠራችው የእንስራ ስባሪ ነው።

ሐኪም ቤት የተወሰደው በሦስተኛው ቀን ነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ሐኪሙ ግን ስለ መዘግየታችን አባቴን ክፉኛ ተቆጣው። እቤት ስንመለስ እናቴን፦

«እማዬ፣ ይኸው ወባ ነው ተባለ እኮ። እሷ መሆኗን እንዴት አወቃችሁ?» አልኳት።

«ወባውንስ የላከችበት ማን ሆነና!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋን ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራት ጠፋ። ልጆቿም በሄዱበት ይሰደቡ ነበር። ዓመት ሳይሞላ አካባቢውን ለቃ ሄደች። ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

የጎደለን ምን ነበር?

እውቀት ነው እንዳልል፣ ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፊለስ ትንኝ መሆኗን በሳይንስ ፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ያንን እያወቅሁ ነው ፍሙን ይዤ የቆምሁት። ደግነት ነው እንዳልል፣ እናቴ መንገደኛ ሳታበላ የማታሳልፍ ሴት ናት። ሕግም አልጠፋም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አልጠፋም። ሕግ አፍን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ሰው በልቡ የያዘውን እንዲመረምር አያደርገውም።

የጎደለን «እንዴት አወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እስቲ የእናቴን መልስ እንመልከተው። ልጁ ቢሞት «በላችው» ይባላል፤ ቢድን «ለቀቀችው» ይባላል፤ ወባ ቢገኝበት «ላከችበት» ይባላል። ያቺ ሴት ነፃ የምትወጣበት አንድም በር የለም ማለት ነው። ኦስትሪያ የተወለደው ፈላስፋ ካርል ፖፐር፣ ምንም ዓይነት ማስረጃ ሊያፈርሰው የማይችል አባባል ሳይንሳዊ ሊባል አይችልም ብሎ አስተምሯል። ይህ ትምህርት የተሰጠው ስለ ሳይንስ ነው፤ እኛ ቤት ግን የአንዲት እናትን ክብር፣ የአንድ ሕፃንንም ሕይወት ሊያድን ይችል ነበር።

ጠይብና ጠቢብ

ፍልስፍና ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ጥበብን መውደድ» ነው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ የሚሰደብበት «ጠይብ» የሚለው ቃልም «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው። በቀሚስ ላይ የሸማኔው እጅ የሚያወጣውን ደግሞ «ጥበብ» እያልን እናደንቃለን። በምጣዷ ጋግረን፣ በጀበናዋ አፍልተን ስናበቃ እሷን ከቡናው እናርቃለን። ታላቁ ሶቅራጥስ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ እንደነበር ይነገራል። በየገበያው እየዞረ ሰውን «ይህን እንዴት አወቅህ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እኛ አገር ቢወለድ ኖሮ ምን ብለን እንጠራው እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

መጠየቅ የባዕድ ነገር ነውን?

አንዳንዶች «ይህ የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ወግና ሃይማኖት ያስንቃል» ይላሉ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። አባቶቻችን በችሎት ፊት «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። በሽምግልናም ቢሆን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ይነወራል። እ.ኤ.አ. በ1667 እንደተጻፈ የሚነገርለት የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» ርዕሱ ራሱ «ምርመራ» ማለት ነው። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ በነበረ አንድ ሚሲዮናዊ የተጻፈ ነው ሲሉ፣ ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራክረዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ መጽሐፉ ልቡና ለሰው ሁሉ ከፈጣሪ እንደተሰጠ ይናገራል። ባለታሪኩም ገረድ የነበረችውን ሂሩትን ሲያገባ እንደ እኩያው እንጂ እንደ ገረድ አላያትም። እንግዲህ መመርመር ሃይማኖትን መናቅ አይደለም ማለት ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፍልስፍና ዳቦ አይሆንም» ይሉናል። እውነት ነው፣ አይሆንም። ነገር ግን ዳቦውን ከማን ጋር ቆርሰን እንደምንበላ፣ ማንንስ ከማዕዱ እንደምናርቅ የሚወስነው አስተሳሰባችን ነው።

ማጠቃለያ

ሎጂክ ስንማር የፋላሲ ዓይነቶችን በቃላችን ሸምድደን ፈተና እናልፋለን። እኔም ትንኟን በቃሌ አውቃት ነበር። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ እያንዳንዳችን ለእረፍት ወደየወረዳችን ስንሄድ፣ ሰው ሁሉ «የታወቀ ነው» ከሚለው ነገር አንዱን ይዘን እንምጣ፤ በክፍል ውስጥም «እንዴት ታወቀ? የሚጎዳውስ ማን ነው?» እያልን እንወያይበት። እቤት ስንሆን ደግሞ ታላላቆቻችንን ሳንንቅ በትሕትና እንጠይቅ። እናቴን ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ ዝም ማለቴ ይቆጨኛል። ባለፈው ዓመት ግን ስለዚያች ጎረቤታችን መልሼ አነሳሁባት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ምጣዷስ ጥሩ ነበር» አለችኝ። ውይይታችን ገና አላለቀም።