የመመለሻ ሰዓት
(ወደ ተራራ ለሚጓዙ ወጣቶች የተዘጋጀ ትምህርት)



በጎንደር ከተማ ያደገ ወጣት ስለ ሰሜን ተራሮች ሳይሰማ አላደገም። ይሁን እንጂ ከሰማነው መካከል ተራራውን በእግራችን የረገጥነው ጥቂቶች ነን። እንግዳ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሲያየው፣ እኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ተቀምጠን ሥዕሉን ከግድግዳ ላይ እናያለን። ስለዚህ ወጣቶች ተሰባስበው «የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እናድርግ» ሲሉ አሳቡ የሚደገፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጉዞው እንዴት እንደሚታቀድ ማሳየት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም 14 ሆነን ወጥተን ነበር። ስንቅ ነበረን፤ ጫማ ነበረን፤ ጨዋታና ሳቅም ነበረን። ያልነበረን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የምንመለስበት ሰዓት። «ጫፍ ስንደርስ እንመለሳለን» ብለን ተነሣን። ጫፉ ግን ደረስን ባልን ቁጥር ሌላ ጫፍ እያሳየን ራቀ። ከመካከላችን አንዲት እኅታችን ከጧት ጀምሮ ራሷን ያማት ነበር፤ «በእኔ ምክንያት ሰው ይቅር?» ብላ ዝም አለች። አብሮን የወጣው ስካውት «እንመለስ» እያለ ቢወተውተንም አልሰማነውም። ጫፉ ላይ የደረስነው 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ስንወርድ ጭጋግ መጣ፤ ከጭጋጉ ቀጥሎ ጨለማ መጣ። ለ14 ሰው የነበረን አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። የታመመችው እኅታችን እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች በሁለት ወንድሞች ትከሻ ተደግፋ ወረደች። ሁላችንም በሕይወት ተመለስን። ነገር ግን ያን ምሽት ሰፈር ደርሰን እሳት ዳር ስንቀመጥ ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ያን ቀን ያጎደልነውን ለሌሎች እንዲጠቅም በየተራ እንመልከተው።

1ኛ. ተራራውን አስቀድሞ ማወቅ

ለምሳሌ እንዲሆነን የቧሂትን መንገድ እንውሰድ። ቧሂት 4,430 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የአገራችን ከፍተኛው ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነታቸው ብዙ አይደለም። ጉዞው የሚጀመረው 3,600 ሜትር ላይ ካለው ከጨነቅ ሰፈር ሲሆን፣ በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ከላይ ሲደርሱ በምሥራቅ በኩል የመሽሃ ወንዝ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶም ራስ ዳሽን ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የእግር ጉዞው የአንድ ቀን ይሁን እንጂ ጠቅላላ ጉዞው የአንድ ቀን አይደለም። ጎንደር ያለችው 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በሌሊት ከጎንደር ተነሥቶ በዚያው ቀን ቧሂት ላይ መቆም ማለት ከፍታውን በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ማድረግ ነው። ሰውነት ይህን አይወድም። ስለሆነም በመጀመሪያው ቀን ወደ ደባርቅ ተጉዞ፣ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የመግቢያውን ከፍሎ ስካውት መያዝ፤ ከዚያም ሳንቃ በር ወይም ጨነቅ ማደር ይገባል። ቢቻል ሁለት ሌሊት ከፍታው ላይ ማደር የተሻለ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጭጋጉ ያስቸግራል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ወራት ይመረጣል። ጥቅምት ሣሩ ገና ያልደረቀበት፣ ሰማዩ የጠራበት ወር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ብሩህ ሲሆን ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ስለነበሩ፣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት ደባርቅ ያሉ ሰዎችን ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅ የዕቅዱ የመጀመሪያ ሥራ ነው። መልሱ «አሁን አይሆንም» ከሆነ ሌላ ወር መምረጥ ይገባል።

2ኛ. ሰዓቱን ማስላት

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 ለተራራ ተጓዦች አንድ ቀላል ስሌት አወጣ። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አንድ ሰዓት መያዝ፤ በዚያም ላይ ለ600 ሜትር ሽቅብ አንድ ሰዓት መጨመር ነው። በእኛ ጉዞ ላይ እንሞክረው። ከጨነቅ እስከ ቧሂት ጫፍ ያለው ሽቅብ 800 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ብቻውን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። መንገዱን ለምሳሌ ያህል 6 ኪሎ ሜትር ብንገምት 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። በድምሩ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የወጣው አየሩ ላልሳሳበት አገር፣ ለጠንካራና ሳያርፍ ለሚሄድ ተጓዥ ነው። እኛ ግማሹን ያህል እንጨምርበት፤ 4 ሰዓት ይጠጋል። ለዕረፍት ግማሽ ሰዓት እንያዝ።

የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። በእኛ አገር ፀሐይ ከገባች በኋላ ምሽቱ አይዘገይም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ ይጨልማል። ስለዚህ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ብንነሣ 5 ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ እንሆናለን። የመመለሻው ሰዓት 6 ሰዓት ይሁን። ለመውረድ 3 ሰዓት ቢፈጅ 9 ሰዓት ላይ ሰፈር እንገባለን፤ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ሌላ 3 ሰዓት ይተርፈናል። ይህ የተረፈው ሰዓት የጨዋታ ሰዓት አይደለም። እግሩ ለሚወለከፍ፣ ለሚታመም፣ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ለሚጠፋበት ሰው የተቀመጠ ነው።

የመመለሻው ሰዓት የሚወሰነው ከዋዜማው ማታ፣ ሁሉም ተቀምጦ፣ በንጹሕ አእምሮ ነው። ተራራው ላይ ሆኖ መወሰን አይቻልም። ጫፉ ከፊት እየታየ «ትንሽ ብቻ ቀረ» የማይል ሰው የለም። 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ 50 ሜትር ቢቀረውም እንመለሳለን ብሎ መስማማትና ስምምነቱን ማክበር ያስፈልጋል።

3ኛ. የሰውነትን ድምፅ መስማት

ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በቧሂት ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ጎንደር ላይ ከምናገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት የራስ ምታት፣ የማቅለሽለሽ፣ የማዞርና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሊመጣ ይችላል። ይህ የድክመት ምልክት አይደለም፤ ስፖርተኛውንም፣ የገበሬውንም ልጅ፣ ሳይመርጥ ይይዛል።

ሕጉ አጭር ነው። ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙ ሳይተወው ወደ ላይ አይወጣም። ሕመሙ ከበረታ ይወርዳል። አንድ ሰው በቀጥታ መሥመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውሰድ ነው፤ ፍቱን መድኃኒቱ መውረድ ነውና። ብቻውንም አይላክም፤ ሁለት ሰው አብሮት ይውረድ።

በተጨማሪም ዝግተኛውን ከፊት እናስቀድም። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ ዝግተኛው ሲደርስበት እሱ አርፎ ይነሣል፤ የደከመው ሰው ሳያርፍ ይቀጥላል። ዝግተኛው ከፊት ከሆነ ግን ሁሉም በእርሱ እርምጃ ይሄዳል፤ ማኅበሩም አይበተንም። ከኋላ አንድ ብርቱ ሰው ይዝጋ፤ በየማረፊያውም ሰው ይቆጠር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጧቱ ሩጫ የተገኘው ግማሽ ሰዓት ከቀትር በኋላ በድካም ይከፈላል።

4ኛ. ስንቅና ልብስ

ከፍታው 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ጎንደር በሸሚዝ የሚኬድበት ቀን ቧሂት ላይ 15 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የጥጥ ልብስ በላብ ከራሰ አያሞቅም፤ ስለዚህ የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና የዝናብ ላስቲክ ይያዝ። ጋቢው ለሰፈር ማታ ይቆየን። ጫማው አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ጎንደር ውስጥ ተለምዶ የቆየ ይሁን። ባርኔጣም አይረሳ፤ ከፍታው ላይ ፀሐይ ሳይታወቅ ፊትን ታቃጥላለች።

ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ቴምር ይበቃሉ፤ የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ይበላቸዋል። ውኃ ለአንድ ሰው እስከ 3 ሊትር ይያዝ፤ ከምንጭ የተቀዳ ከሆነ በዋዜማው ማታ ይፈላ። የእጅ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው ይኑረው። ይህን የምንለው ካየነው ተነሥተን ነው።

5ኛ. የተራራውን ባለቤቶች ማክበር

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል ከላሊበላ ጋር አብሮ ተመዝግቧል። በ1996 ዋልያው በመመናመኑና በሌሎችም ምክንያቶች በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ጭላዳው ሣር እየነጨ የሚውል፣ ማታ ገደል ውስጥ የሚያድር እንስሳ ነው፤ ዳቦ ብንወረውርለት ሰውን መከተልና እህል መፈለግ እናስተምረዋለን። ጅብራም ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ለፎቶግራፍ ብሎ የሚቆርጠው ሰው የብዙ ዓመት ድካም ይቆርጣል።

እሳትን በሚመለከት በ2019 በፓርኩ የተነሣውን ቃጠሎ ማስታወስ ይበቃል። ጓሳውና አስታው ለቀናት ሲነድ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። ስለዚህ ከሰፈር ውጭ ክብሪት አይጫር።

ማጠቃለያ

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ዘጠኝ ሆነን ተመለስን። በዋዜማው ማታ 6 ሰዓት የመመለሻ ሰዓት እንዲሆን ተስማማን፤ ያችው እኅታችንም አብራን ነበረች። ያን ቀን ማለዳውን ጭጋግ ስላዘገየን፣ 6 ሰዓት ሲሞላ ከጫፉ በታች ነበርን። ጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከመካከላችን አንዱ «ሃያ ደቂቃ ብቻ» አለ። ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻም እኅታችን ሰዓቷን አይታ ፊቷን ወደ ጨነቅ መለሰች፤ እኛም አንድ በአንድ ተከተልናት። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰፈር ገብተን ሻይ ስንጠጣ፣ ከጫፉ ላይ ደመና ወርዶ በረዶ ሲጥል ከሩቅ አየን። ቧሂትን ገና አልጨረስነውም፤ በሚመጣው ጥቅምት ልንሞክረው አስበናል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የመመለሻ ሰዓት በዋዜማው እንጂ ተራራው ላይ ሆኖ የማይወሰነው ለምንድን ነው?
2. ራሷን ያመማት እኅት ዝም ያለችው ለምን ይመስላችኋል? እንድትናገር ማኅበሩ ምን ማድረግ ነበረበት?
3. ሽቅቡ 1,200 ሜትር፣ መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ለሆነ ተራራ የኔይስሚዝን ስሌት ተጠቀሙ፤ ግማሹን ጨምሩበት፤ ከዚያም የመነሻውንና የመመለሻውን ሰዓት ወስኑ። ጉዞው በአንድ ቀን የሚሆን ነውን?