እስከ አሥር የሚቆጥረው፣ ውሃ የማይጠይቀው ልጅ

ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ልጅ በእንግሊዝኛ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ቀለማትንም ይጠራል። ውሃ ሲጠማው ግን የእናቱን እጅ ጎትቶ ማቀዝቀዣው ጋ ይወስዳል እንጂ «ውሃ» አይልም። ወላጆቹ ሥራ ስለሚውሉ ቀኑን ከሞግዚቱ ጋር ስልክ ይዞ ያሳልፋል። አያቱ «የወንድ ልጅ አፍ ዘግይቶ ነው የሚፈታው» ይላሉ፤ አባቱ ደግሞ እንግሊዝኛው ስለሚቀናው አማርኛው ይቅርበት ባይ ናቸው። ከአዲስ አበባ የጻፉት እናት ጥያቄ፣ ይጠበቅ ወይስ ሐኪም ይየው የሚል ነው።

ሐኪም ይየው፤ አሁኑኑ። ቁጥር መደርደር ጥሩ ትውስታን ያሳያል፤ ንግግር ግን ፈልጎ መጠየቅ፣ አይቶ ማሳየት፣ ሲጠሩ መመለስ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ዓመት ሲሞላቸው አካባቢ የመጀመሪያውን ቃል ይላሉ፤ ሁለት ዓመት ላይ «እማ ነይ»፣ «ሌላ ዳቦ» እያሉ ሁለት ቃል ያጋጥማሉ። ወንዶች በጥቂቱ ዘግየት ማለታቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ይህን ያህል መዘግየት አያስረዳም። ዘግይተው በራሳቸው የሚደርሱ ልጆች ብዙ ናቸው። የትኛው እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ለዚህ ነው መጠበቅ የማይመከረው።

በቅድሚያ የሚመረመረው ጆሮ ነው። በር ሲንኳኳ የሚዞር ልጅ ሁሉ በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም። ከተደጋጋሚ ጉንፋን በኋላ ከታምቡር ጀርባ የሚጠራቀም ፈሳሽ ድምፅን ያደበዝዛል፤ ልጁ ጩኸቱን እየሰማ ቃሉን ሊስት ይችላል። ይህን የሚያየው ከአንገት በላይ ሐኪም ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ለንግግር አይረዳም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ከምላስ ሥር ያለው ክር ማጠሩም አንዳንድ ድምፆችን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ቃል አያሳጣም።

ስለ ስልኩ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፣ ከዚያ ካነሰም እንደሚሻል ይናገራል። ጉዳዩ የዓይን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከማንዳሪን ተናጋሪ ጋር ፊት ለፊት የተጫወቱ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን አልቻሉም። ስልክ ይናገራል እንጂ ልጁን አይጠብቅም፣ መልሱንም አይሰማም።

ስለዚህ የቤቱ ሥራ ተራ መስጠት ነው፤ ሞግዚቷም ይህን በትዕግሥት ልትለማመደው ይገባል። ልጁ ማቀዝቀዣው ጋ ሲጎትት ውሃውን ቶሎ ከመቅዳት ይልቅ ዝቅ ብሎ ዓይኑን እያዩ «ውሃ? ውሃ ልስጥህ?» ማለት፤ ከዚያ በልብ እስከ አምስት ቆጥሮ ዝም ማለት። «ው» ብቻ ካለም «አዎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ!» ብሎ ወዲያው መስጠት። «ውሃ በል» ብሎ ማስገደድና እስኪናገር መከልከል ግን ያስኮርፈዋል። ገላው ሲታጠብ፣ ልብሱ ሲቀየር፣ እንጀራ ሲጋገር የሚሠራውን በአጭር ዓረፍተ ነገር መንገር ያው ትምህርት ነው። ኩኩሉም ጥሩ ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል።

አማርኛው መቅረት የለበትም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም፤ ልጁ የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩም የሁለቱም ቋንቋዎች ይደመራሉ። ወላጆች ቀልድና ፍቅር በሚመጣላቸው ቋንቋ ሲያወሩ ንግግሩ ይረዝማል፣ ይበረክታልም። አሜሪካና አውሮፓ ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም ምክሩ ይኸው ነው።

ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት ወይም ይላቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ከሆነ ለሕፃናት ሐኪሙ ይህን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ የኦቲዝም ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ወደ ቀጠሮው የሚላቸውን ቃላት ጽፎ፣ ቤት ውስጥ ሲጫወትም በአጭሩ ቀርጾ መሄድ ይጠቅማል፤ ብዙ ልጆች ሐኪም ፊት ዝም ይላሉና። ጆሮው ደህና ከሆነ ቀጣዩ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው፤ ለዚያም መዋዕለ ሕፃናት እስኪገባ መቆየት የለበትም።