በጣና ዳርቻ የወፎች ምስል ቀረጻ፦ ከመጪው ትውልድ ካሜራ ምን ይጠበቃል?

ለስፖርትና ለዱር እንስሳት በሚሠሩ ካሜራዎች ዘንድ ፉክክሩ በአብዛኛው በሴኮንድ በሚነሡ ምስሎች ብዛት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ለጣና ሐይቅ ረግረጋማ ዳርቻዎች ከብዛት ይልቅ የምስሉ ታማኝነት እንደሚቀድም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ በተመዘገበው በዚህ አካባቢ፣ ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬንን የመሰሉ ለመጥፋት የተጋለጡ ወፎች ይኖራሉ፤ ፎቶግራፍም ለቆጠራና ለዝርያ ልየታ ማስረጃ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የምስል ንባብ ፍጥነት ነው። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ምስሉን ከላይ ወደ ታች በረድፍ ያነባሉ። ንባቡ 1/30 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ በሴኮንድ 15 ሜትር የሚበር ወፍ በዚያው ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ምስሉን የሞላ ወፍ ከሆነም ቅርጹ ተጣሞ ይታያል። ንባቡ ወደ 1/250 ሴኮንድ ሲያጥር ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው የሶኒ አልፋ 9 ሦስተኛ ስሪት ሁሉንም ረድፎች በአንድ ቅጽበት በማንበብ ይህን መጣመም አስወግዷል። ሆኖም መነሻ አይ.ኤስ.ኦ.ው 250 ሲሆን፣ በብሩህና በጨለማ ክፍሎች መካከል የሚይዘው የዝርዝር ስፋት ጠብቧል። ጥቁር ላባ ከሚያንጸባርቅ ውሃ ጋር በአንድ ምስል በሚገናኝበት ጣና ላይ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ትኩረት ነው። ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ በሌንሱና በወፉ መካከል ስለሚገባ፣ ትኩረቱ ወደ ቅርቡ ተክል ይዘላል። ስለዚህ ወፍን የሚለየው ሥርዓት በከፊል በተሸፈነ አካል ላይም እንዲጸና ሆኖ መሠልጠን ይኖርበታል።

በአጠቃላይ፣ ለመስክ ጥናት ካሜራ የሚመርጥ ተቋም መመዘኛው ሦስት ሊሆን ይገባል፦ የማይጣመም ቅርጽ፣ በጥላ ውስጥ የማይጠፋ ዝርዝርና በደንገል መካከል የማይናወጥ ትኩረት።