ጭላዳና ኮራል

ጭላዳን የማያውቅ ደገኛ የለም። ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ ሲበላ አይተነዋል። ገብሳችን ውስጥ ሲገባም ወንጭፍ ይዘን አባረነዋል። ኮራልን ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው። በቀይ ባሕር፣ በኤርትራ ዳርቻ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ይገኛል። እስቲ ሁለቱን እናነጻጽር።

ጭላዳ የጀርባ አጥንት አለው። ደሙ ሙቅ ነው። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ ትወልዳለች፤ ታጠባለች፤ አዝላ ትዞራለች። ጭላዳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ቀን ሜዳ ላይ ይውላል፤ ሲመሽ ከአውሬ ለመዳን ገደል ላይ ያድራል። ዋና ምግቡ ሣር ነው።

ኮራል አጥንት የለውም፤ ደምም አንጎልም የለውም። ብዙዎቹ ከአተር ፍሬ ያነሱ ናቸው። አፉ አንድ ነው፤ በዚያው ይበላል፣ በዚያው ያስወጣል። እንደ ተክል አንድ ቦታ ተጣብቆ ይኖራል። በሰውነቱ ውስጥ አልጌ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ እሱም ያስጠጋቸዋል። ኮራል ከሥሩ እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ነገር ይሠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ እልፍ ኮራሎች አብረው ሲሠሩ ድንጋዩ በባሕር ውስጥ እንደ ካብ ያድጋል፤ ለብዙ ዓሣም ቤት ይሆናል።

እንግዲህ አንዱ አጥንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ድንጋዩን ከሥሩ አንጥፎ ይቀመጣል። ሆኖም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ቦታቸው ከተበላሸ መሄጃ የላቸውም። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በ1990 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ብዙ ኮራል በዚህ አለቀ። ጭላዳም ሣሩ ሲታረስበት ወደ ላይ ይሸሻል። ከተራራው ጫፍ በላይ ግን ሣር የለም።

ታዲያ ጭላዳ እህላችንን ሲበላ ዝም እንበል ወይ? አንልም፤ እንጠብቃለን። ነገር ግን ሣሩ ሲያልቅ የሚጎዳው ጭላዳ ብቻ አይደለም። አፈራችንን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከብታችንም ይከሳል። የመንዝ ሰዎች ይህን ቀድመው አውቀዋል። የጓሳን ሣር «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. ዘልቋል። ዛሬም ጓሳን የሚጠብቀው ያገሩ ሰው ነው፤ ጭላዳውም ከሣሩ ጋር አለ።

ጥያቄዎች፦
1. የጀርባ አጥንት ያለው የትኛው ነው?
2. ኮራል ባሕሩ ሲሞቅ ምን ይሆናል?
3. በቀበሌያችን ተከልሎ ሊቆይ የሚገባው ሣር የት ነው? ተወያዩበት።