እብነ በረድና ሎሚ፦ የማእድ ቤት ቁሳቁስ አመራረጥ ከኬሚስትሪ አንጻር

ማእድ ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለምና ስለ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ የሥራ ጠረጴዛው ለዓመታት መልኩን ይዞ መቆየቱን የሚወስነው ድንጋዩ የያዘው ማዕድንና በላዩ ላይ የሚፈሰው ነገር ነው። የእኛ ማእድ ቤት ደግሞ አሲድ የበዛበት ነው። ሎሚው፣ ቲማቲሙና ኮምጣጤው ቀርቶ በሚገባ የቦካ የጤፍ ሊጥ እንኳ በውስጡ በተፈጠረው ላክቲክ አሲድ የተነሣ የፒኤች መጠኑ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። በፒኤች መለኪያ እያንዳንዱ አኃዝ የዐሥር እጥፍ ልዩነት ስለሚያመለክት፣ ይህ ሊጥ ከንጹሕ ውኃ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል የበለጠ አሲዳዊ ነው ማለት ነው።

እብነ በረድ በመሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ዋነኛ ማዕድኑ ካልሳይት፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲነካው ካርቦኔቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ካልሲየሙም በፈሳሹ ውስጥ ይሟሟል። በመሆኑም ሎሚ በፈሰሰበት ቦታ የሚቀረው ደብዛዛ ምልክት ቆሻሻ ሳይሆን የተበላ ድንጋይ ነው። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ያለው መፍትሔ ገጹን እንደገና ማለስለስ ብቻ ነው። አንዳንድ ሻጮች መከላከያ ቅባት ስለተቀባ አያሰጋም ይላሉ። ቅባቱ ዘይትና እርድ በድንጋዩ ቀዳዳዎች እንዳይሰርጉ ያግዛል እንጂ የአሲዱን ሥራ አያስቆምም።

ግራናይት ግን ከቀለጠ ዐለት ቀስ ብሎ በመቀዝቀዝ የተፈጠረ ሲሆን፣ በአብዛኛው ኳርትዝና ፌልድስፓር የተባሉ ማዕድናትን ይዟል። እነዚህን የምግብ አሲድ አይጎዳቸውም። በጥንካሬም ቢሆን በሞህስ መለኪያ ካልሳይት 3፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ናቸው፤ የቢላዋ ብረት ከ5 እስከ 6 ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያውን ይጭራል፣ ሌሎቹን ግን አይጭርም።

ችግሩ በገበያ ላይ የተወለወለ ድንጋይ ሁሉ በአንድ ስም ሊጠራ መቻሉ ነው። ስለሆነም ገዢው ቁራጭ ለምኖ ወደ ቤቱ ይውሰድ። በተወለወለው ገጽ ላይ ጥቂት የሎሚ ጠብታ አሳርፎ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ይጥረገውና ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ይመልከተው። ደብዛዛ ክብ ከታየ ድንጋዩ ካርቦኔት አለበት። ዶሎማይት የበዛባቸው አንዳንድ እብነ በረዶች ለአሲድ ቀስ ብለው ስለሚመልሱ፣ ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ መጫርም ተገቢ ነው። ይህ ሲባል ግን እብነ በረድ የተናቀ ቁስ ነው ማለት አይደለም፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ ለግድግዳና ለደረጃ እጅግ ያማረ ነው። ቦታው ሊጥ የሚፈስበት ጠረጴዛ አይደለም እንጂ።

ሦስተኛው አማራጭ በገበያ ኳርትዝ የሚባለው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። የተፈጨ ኳርትዝ በፕላስቲክ ሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ሲሆን፣ አሲድንም ዘይትንም በደንብ ይቋቋማል። ሙጫው ግን ከፍተኛ ሙቀት አይችልም፤ ከእሳት የወረደ ድስት ወይም የጋለ ምጣድ በቀጥታ ቢቀመጥበት ሊጠቁር ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ስለሚይዙ፣ በደረቁ ሲቈረጡ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ የቈራጩን ሳንባ በማጠንከር ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። በዚህ ምክንያት አውስትራሊያ ከሐምሌ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ድንጋይ ማምረትንም መግጠምንም ከልክላለች። ግራናይትም መጠኑ ያነሰ ቢሆንም ሲሊካ አለው። ሠራተኛው በግቢዎ ውስጥ ድንጋይ የሚቈርጥ ከሆነ መጋዙ ውኃ እየፈሰሰበት እንዲሠራና ተገቢ የአቧራ መከላከያ ጭምብል እንዲኖረው አስቀድመው ይዋዋሉ፤ በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይህን አቧራ አያግደውም።

ስለ ቁም ሣጥኑ አጠር አድርገን እንናገር። ችፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ስለሆነ ውኃ በጠርዙ ከገባ ያብጣል፤ ሲደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ኮምፔንሳቶ ወይም ደረቅ ጣውላ ይሻላል፤ ችፑድ የግድ ከሆነም ጠርዞቹ በሙሉ፣ ለቧንቧ የተበሱት ቀዳዳዎች ሳይቀሩ፣ መታሸግ አለባቸው። ማሸጉ ሌላም ጥቅም አለው። በሙጫው ውስጥ ያለው ፎርማልዴሃይድ ቀስ በቀስ ወደ አየር የሚወጣ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። አዲስ ቁም ሣጥን በተገጠመባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስኮት ከፍቶ ማቆየት ይገባል።

የማይዝግ ብረት ማጠቢያን በተመለከተ፣ ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ኒኬል ያለበት፣ ዝገትን በተሻለ የሚቋቋመው ዓይነት ማግኔትን እምብዛም አይስብም፤ በታጠፈበት ቦታ ብቻ ጥቂት ሊስብ ይችላል። ይህም ቢሆን ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ያለው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነውና በረኪና አፍስሶ ማሳደር አይገባም፤ ክሎሪኑ ሽፋኑን እየበሳ ጥቃቅን የዝገት ጉድጓዶች ያወጣበታል።